የማሾ እርሾ በጨፋ ሜዳ

ንጋት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ የመናኸሪያው አስፋልት ያብረቀርቃል። የሚኒባሱ ረዳት በሩን ይዞ "ከሚሴ! ከሚሴ! የቀረ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ይጣራል። ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

"የቀረው አንድ ሰው ነው አላላችሁም እንዴ?" አልኩት ሾፌሩን።

ሾፌሩ እንድሪስ ይባላል። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ነገር የማያስቸኩለው ሰው ነው። "ልክ ነው፤ አንዱ አንቱ ነዎት" አለኝ። "ቀጥሎ የሚመጣውም አንድ ነው። ሁለት ሆኖ የሚመጣ ሰው አይተው ያውቃሉ?"

ከአጠገቡ ተቀመጥኩ።

የምሄድበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ቀናት በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ስለ ባዮቴክኖሎጂና ስለ ባዮኢኮኖሚ የሚነጋገር ዐውደ ጥናት በጋዜጠኝነት ስከታተል ነበር። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ሕይወት ካላቸው ነገሮች፣ ከእጽዋት፣ ከከብትና በዓይን ከማይታዩ ተሕዋስያን፣ ምግብ፣ መኖ፣ ማዳበሪያና ማገዶ ማግኘት፤ የተረፈውን ሳይጥሉ ወደ መሬት መመለስ፤ አፈሩን ሳያደክሙ ሰውን መመገብ። ከባዱ የአቀራረቡ ርዝመት ነበር። በሻይ ሰዓት ከከሚሴ የመጣች ወይንሸት የምትባል የግብርና ባለሙያ አጠገቤ ቆማ ስኳሯን እያማሰለች፣ "ይኼን ሁሉ ትተው እኛ ዘንድ ይምጡ" አለችኝ። "በእርሾ የተኳረፉ ሁለት ቤቶች አሉ። የእነሱ ነገር ከገባዎት ይኼም ይገባዎታል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በከሚሴ አካባቢ ያለው የጨፋ ሜዳ ገበሬዎች ማሾ የሚባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ ጥራጥሬ ይዘራሉ። ማሾ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተረዳድቶ ያድጋል፤ እነሱ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ እንዲመገበው አድርገው ያቀርቡለታል፣ እሱም ከሚሠራው ስኳር ያካፍላቸዋል። ባክቴሪያው በቂ ላልሆነበት መሬት፣ በቤተ ሙከራ የተራባው፣ እዚያ 'እርሾ' የሚሉት፣ በፓኬት ታሽጎ ይመጣና ከዘሩ ጋር ተለውሶ ይዘራል። አምና ሐዋ የምትባል ገበሬ ሞከረችው፤ ማሾዋ አማረ። ዘንድሮ ጎረቤቷን ሰይድን "ለማሾህ ማዳበሪያ አትግዛ፣ ይኼ ይበቃሃል" ብላ አሳመነችው። ሰይድ አመናት፤ ዘራ። ማሾው ቢጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች እሳት አይጫጫሩም።

ዛሬ ወይንሸት ከሁለቱም ማሳ ሥር ነቅላ በጎረቤት ፊት ልታሳይ ነው። የሐዋ ቃል ከእንግዲህ በመንደሩ ይሰማ እንደሆነና እንዳልሆነ በዚህ ይለያል።

ይህን ለእንድሪስ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ። "በእርሾ ነው የተጣሉት? እኛ ሰፈር በመሬት ነው የሚጣሉት" አለ።

"ይኼም የመሬት ነው" አልኩት።

ማለዳ፣ ቁልቁለቱ

ከኮምቦልቻ ወጥቶ ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ ልብሱን በየደረጃው ያወልቃል። እኔ ሹራቤን ሐርቡ ላይ አወለቅሁ። ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። ከመንገዱ ዳር ሸራ የለበሱ የሽንኩርት ክምሮች፣ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ጭቃውን እያንቦጫረቁ ወደ ከተማ የሚፈሱ ባጃጆች ይታያሉ። ቦርከና ወንዝ በርቀት ቡናማ ሆኖ ሞልቷል።

ሐርቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ታቅፈው ገቡ። ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እንድሪስ በመስታወት አያቸው።

"አባባ፣ ይኼኛው ተሳፋሪም ይከፍላል።"

"አያወራ፣ አያስነጥስ፣ መስኮት ክፈት ዝጋ አይልህ" አሉ ሽማግሌው። "እንዲህ ያለ ተሳፋሪ በቀን አሥር ቢሰጥህ ምን ነበረበት!"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እንድሪስም ለጆንያው አላስከፈለም። ሽማግሌው ጆንያውን እያሻሹ፣ ይኼ ነገር ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከወደብ በከባድ መኪና፣ ከመጋዘን ደግሞ በእሳቸው ጉልበት እንደሚመጣ ነገሩኝ። "አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞት ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ዋጋው ቀድሞት ይመጣል" አሉ። በአዳራሹ የሰማሁት ረጅም ንግግር ከዚህ ብዙ አልራቀም። አፈሩን የሚመግበው ነገር ከሩቅ በመጣ ቁጥር ገበሬው የሰው እጅ ይጠብቃል። ናይትሮጅኑ ግን ከማሳው በላይ ባለው አየር ውስጥ ነው፤ ገበሬው ያጣው የሚያወርድለትን ነው።

ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰ። እንድሪስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ከራን ነጋ?" አለው በኦሮምኛ። ያኛው ሾፌር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ" አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሰማን በኋላ መኪናው ውስጥ ወሬው ጨመረ። በዚህ መስመር ሰው ስለ ዝናብ ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቃል።

ረፋድ፣ ከሚሴ

ከሚሴ ስንደርስ ሙቀቱ ጀምሯል። ከዋናው መንገድ ዳር ካለች ቁርስ ቤት ወይንሸት ቀድማኝ ተቀምጣለች። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ቃሪያውና ሽንኩርቱ ከላይ ተከትፎ፣ ዘይቱ ሳይቆጠብ መጣልን። ሻዩ ቅርንፉድ የበዛበት ነው።

ወይንሸት ከሚሴ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ከአስተናጋጁ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስትመላለስ ሁለቱም የቋንቋውን መለወጥ ልብ የሚሉት አይመስሉም።

"'እርሾ' የሚለው ቃል ከየት መጣ?" አልኳት።

ዳቦዋን አስቀመጠች። "ከእኔ ነው የመጣው። መጀመሪያ ስብሰባ ጠርቼ 'ባክቴሪያ' ስል አንድ አባት ተነሥተው፣ 'ልጄ፣ ጤና ጣቢያ ተሰልፈን ከልጆቻችን ሆድ የምናስወጣውን አንቺ ዘራችን ውስጥ ልታስገቢው ነው?' አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስብሰባው ግን በዚያው አለቀ። ቤቴ ገብቼ ሳስብ፣ ሕይወት ያለው፣ በዓይን የማይታይ፣ ትንሹ ብዙውን የሚለውጥ ነገር በየቤቱ ምንድን ነው አልኩ። እርሾ! በሚቀጥለው ጊዜ 'የአፈር እርሾ' ብዬ ሄድኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።"

"ማንም አልጠየቀሽም?"

"ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "አሁን ሳስበው፣ ያለመጠየቃቸው ነበር ሊያሳስበኝ የሚገባው።"

ከቁርስ በኋላ ፓኬቶቹ ወደሚቀመጡበት መጋዘን ወሰደችኝ። የጣራው ቆርቆሮ ሙቀቱን ይተፋዋል። በአንድ ጥግ ግን፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀበረ አፉ ሰፊ ገንቦ አለ፤ ክዳኑ በረጠበ ጨርቅ ተሸፍኗል። እጄን እንዳስገባ ጋበዘችኝ፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጥቁር ዱቄት የያዙ ትንንሽ ፓኬቶች ተደርድረዋል። "ሕያው ስለሆኑ ይሞታሉ" አለች። "ፀሐይ ይገድላቸዋል፣ ሙቀት ይገድላቸዋል። ማቀዝቀዣ የለንም፤ ገንቦ አለን።"

የሰይድ ፓኬት መንገድ ላይ ሞቶ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ሐዋና ሰይድ ከአንድ ገንቦ፣ በአንድ ቀን፣ ከእሷው እጅ እንደወሰዱ ነገረችኝ። የሐዋ ማሾ ዘንድሮም ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከመጋዘን እስከ ማሳ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ አለ፤ ወይም ሰይድ እንደሚለው መጀመሪያም ነገሩ ባዶ ነው። ስንት ቤተሰብ ይህን እንደሚጠቀምም ጠይቄ ነበር። የነገሩኝ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቁጥር ስለሰጡኝ አንዱንም እዚህ አልጽፍም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ጨፋ

ወደ ጨፋ ሮቢት ሌላ ሚኒባስ ያዝን። ሜዳው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ከወንዙ ወዲህ እርሻ፣ ወደ ወንዙ የሚጠጋው ሣርና ረግረግ። ከከተማዋ ወጣ ብለን በእግር ገባን። መሬቱ መረሬ ነው፤ በየእርምጃው ጭቃው ጫማ ላይ ይደራረብና ሰውን ያስረዝማል። ወይንሸት ቦቲ አድርጋለች። እኔ ቦቲ ስላላደረግሁ ሁለት ሴቶች ቆመው ሳቁብኝ፤ አንዷ የማሽላ አገዳ ሰብራ ለምርኩዝ ሰጠችኝ።

ሐዋ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማታንስ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ጋር ታርሳለች። "አሰላሙ አለይኩም። አካም ቡልተኒ? ነጋ ቡልተኒ?" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አለችን፤ ከዚያ ጫማዬን አይታ ወደ አማርኛ ተሻገረች። "ወንድሜ፣ አንቱ ማሳውን ሊያዩ ነው የመጡት ወይስ ይዘውት ሊሄዱ?"

ግቢዋ ንጹሕ ነው። ከበረቱ ጎን የተቀበረ ጉድጓድ አለ፤ የሁለት ላሞች እበት በውሃ ተበጥብጦ ይገባበታል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ሻይ ያፈላል። ጋዙ የወጣለት ዝቃጭ ወደ ማሽላው ማሳ ይሄዳል። የማሾው ገለባ ደግሞ ተመልሶ ለላሞቹ ነው። በአዳራሹ በቀስት የተሣለውን ክብ እዚህ በእግሬ ዞርኩት፤ ከበረት እስከ ማጀት ጥቂት እርምጃ ነው። ጋዙ በክረምት ደመና ሲበዛ እንደሚደክም ሐዋ አልደበቀችኝም። "ያን ጊዜ በእንጨት ነን" አለች።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ ነበር። ወጡ ወፈር ያለ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት፤ እንጀራው ደስ የሚል ኮምጣጣ። "እርሾሽ ጥሩ ነው" አልኳት ሳላስብ።

የሐዋ ፈገግታ ቀነሰ። "እርሾዬ የዘምዘምም ነው" አለች። ዘምዘም የሰይድ ሚስት ናት። "የእኔ ሲበላሽ ከእሷ፣ የእሷ ሲያልቅ ከእኔ። ልጆቻችንን ስንድር፣ ሰው ሲሞትብን፣ እርሾ ከሌላ ቤት ለምነን አናውቅም። ማሾው ቢጫ ከሆነ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። ታች መንደር ድረስ ወርዳ ታመጣለች ይሉኛል። በዚህ ጭቃ!"

"ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰውማ ይጫወትብኛል። የማይሆን ነገር ሁሉ 'የሐዋ እርሾ' ሆኗል። ባለፈው የአንዱ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ቆመ፤ 'ምነው፣ የሐዋን እርሾ ነው እንዴ የሞላኸው?' አሉት።" ራሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "ማሾው ወላሂ ግድ የለም፤ ከርሞም ይዘራል። እኔ የቆጨኝ ደጄ ነው።"

ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ማሳው

የሐዋና የሰይድ ማሳ ጎን ለጎን ነው፤ የሐዋ ከፍ ይላል፣ የሰይድ ዝቅ። በመካከላቸው የአፈር እርከን አለ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀን፤ ወንዶቹ በትራቸውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ ወደኋላ ብለው። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ላይኛው ማሾ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አበባ ይዟል፤ ታችኛው የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

ሰይድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። እኔን ሲያይ "ጋዜጠኛ ነዎት አሉ። ደግ! ጻፉት!" አለኝ። "ሰይድ ዕድሜውን ሙሉ አርሶ በመጨረሻ በዱቄት ተታለለ ብለው ጻፉት።"

"አያ ሰይድ፣ ገና ሥሩ ሳይነቀል?" አለችው ወይንሸት።

"ቅጠሉ የነገረኝን ሥሩ ምን ይጨምርልኛል?"

ወይንሸት በመኮትኮቻ ከሐዋ ማሳ ተክል ከነአፈሩ አወጣች፤ በባልዲ ውሃ ቀስ አድርጋ አጠበችው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ተሰክተዋል፤ የመንደሩ ሴቶች ዶቃ ነው የሚሏቸው። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ የሥጋ ቀለም አለው፣ ደም የነካው ሮዝ። "ሥራ ላይ ያለ ዶቃ እንዲህ ነው" አለች። ከእጅ ወደ እጅ ተዟዟረ።

ከዚያ ወደ ሰይድ ማሳ ወረደች። አንድ ነቀለች፤ ሥሩ ባዶ ነው። ሌላ ነቀለች፤ ጥቂት የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች፣ ሲሰነጠቁ ነጭ።

"ኩኖ!" አለ ሰይድ በትሩን ወደ ላይ እያነሣ። "ይኸው! እኔ ምን አልኩ?"

ከወንዶቹ አንዱ "የሐዋ እርሾ!" ብሎ ጀመረ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሐዋ ነጠላዋን አጥብቃ አሠረች።

ወይንሸት ግን አልተነሣችም። ጭቃው ላይ እንደተንበረከከች ቀና ብላ፣ "አያ ሰይድ፣ ፓኬቱን ከእኔ ተቀብለህ ቤት ከገባህበት ሰዓት ጀምረህ ያደረግኸውን ንገረኝ። አንዳች ሳታስቀር" አለችው።

"የማስቀረው ምን አለ? እንዳላችሁኝ ነው ያደረግሁት" አለ ሰይድ። ደረቱን ነፋ። "እርሾ አላችሁ፤ የእርሾ ወጉን አደረስኩ። ከዋዜማው ዘሩን በስኳር ውሃ አርሼ ከጥቁሩ ዱቄት ጋር ለወስኩት። በባልዲ አድርጌ ከደንኩት። ምድጃው ዳር አሳደርኩት። ሲነጋ ብከፍተው ኩፍ አላለም።"

"ኩፍ አላለም?" አለች ወይንሸት በቀስታ።

"ምን ይላል! እንደተኛ ነው። ስለዚህ ብርድ ይዞት ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁት፤ እንቢ አለ። 'የሐዋ ነገር ቀርፋፋ ነው' ብዬ እንዲያው ዘራሁት።"

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ደልደል ያለች ሴት ወደፊት መጣች፤ ዘምዘም መሆኗን ሰይድን ካየችበት ዓይን አወቅሁ። "ምድጃ ዳር አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "የእኔ እርሾ በክረምት ያለ ሙቀት አይነሣም። ይኼም እርሾ ነው ከተባለ ብዬ ነው።"

ወይንሸት ጭቃማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቋን ይሁን ሌላ ነገር ያፈነችው አላውቅም። "ጥፋቱ የእኔም ነው" አለች በመጨረሻ። "እርሾ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ይኼኛው ኩፍ አይልም። ሙቀት አይወድም፣ ማደርም አይወድም። ጥላ ሥር ተለውሶ፣ በዚያው ሰዓት እርጥብ መሬት ውስጥ መግባት ነበረበት። ስታሳድሩት የሞተው ሞተ፤ ፀሐዩ ደግሞ የቀረውን ጨረሰ።"

ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። ሰይድ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። እጁን አንሥቶ ሳቁን አስቆመው። "እሺ፤ ሙቀት ገደለው በሉ። የሞተውን ነገር ገደልከው ትሉኛላችሁ። በፊትስ ሕይወት እንደነበረው ማን አይቶታል? ሐዋ ከላይ ናት፣ መሬቷ የእበት ዝቃጭ የጠጣ ነው። ዱቄቱ ነው ያሳመረላት ያለው ማን ነው?"

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወይንሸትም "ዝቃጩ ማሽላው ጋ እንጂ እዚህ አልገባም" ብላ መለሰች፤ ያ ግን ከሐዋ የሰማችው ቃል እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

"ታዲያ ያ ምንድን ነው?" አለች ዘምዘም በአገጯ እያመለከተች።

ከእርከኑ ሥር፣ በሰይድ ማሳ ውስጥ፣ እንደ ነጠላ ጥለት የረዘመ አረንጓዴ መስመር ነበር። ከሩቅ የሐዋ ማሾ ተቀጥላ መስሎን ሁላችንም ዘለነዋል። በእውነቱ ግን ከእርከኑ ወዲህ፣ ሰይድ የዘራው ነው። ሐዋ ቀስ ብላ "እርከኑ የተናደበት ነው" አለች። ከዘር በኋላ በጣለው ከባድ ዝናብ እርከኑ ተሰብሮ የእሷ ማሳ ጭቃ ወደ ሰይድ ወርዶ ነበር። ሰይድ "ጭቃሽ ዘሬን ቀበረው" ብሎ ሽማግሌ ድረስ ወስዷታል። እርከኑን ከወንድሟ ጋር የጠገነችውም ከዚያ በኋላ ነው።

ወይንሸት ከዚያ መስመር አንድ ተክል አወጣችና አጠበች። ሥሩ በዶቃ ተሞልቷል። ሰነጠቀችው። ሮዝ ነው።

"ኮቱ ኢላሊ" አለችው ሰይድን፤ ና እይ።

እኔ በበኩሌ የሚጠየቀውን ጠየቅሁ። ውሃውና ታጥቦ የወረደው ለም አፈር ብቻውን አሳምሮት ሊሆን አይችልም? ወይንሸት ሥሩን አገላበጠችው። "ሊረዳው ይችላል፤ ቤተ ሙከራ ሳልወስደው ሁሉንም ነው አልልዎትም" አለች። "ነገር ግን ጭቃ ብቻውን ነጩን ዶቃ ሮዝ አያደርገውም። ከሐዋ ማሳ ጭቃው ብቻ አልወረደም፤ ዶቃውን የሚሠሩት እነሱም አብረው ወርደዋል። ምድጃ ዳር ስላላደሩ በሕይወት አሉ።"

ሰይድ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ተንበረከከ። በእጁ አንድ ነቀለ። ውሃም ሳይፈልግ ጭቃውን በጣቱ ጠርጎ አየ። ሌላ ነቀለ። "አይበቃህም? ልትጨርሰው ነው እንዴ!" አለችው ዘምዘም። ሦስተኛውን ይዞ ቀና አለና ሐዋን አያት።

"ጭቃሽ ቀበረኝ ብዬ ከስሼሽ ነበር" አለ።

"ከሰኸኛል" አለች ሐዋ።

"ዱጋ ኬ" አላት በኦሮምኛ፤ እውነትሽን ነው እንደ ማለት። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰውነቱ አነሰ።

ከዚያ ወሬው ወደ ሥራ ዞረ። ሰይድ የሐዋን አፈር በጆንያ ወስዶ ማሳው ላይ ሊበትን ፈለገ። ወይንሸት እንደሚያዋጣ ሳትክድ ተቃወመችው፤ በአፈሩ አብሮ አረምና የሥር በሽታ ይሄዳል፣ ያ ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። ቢጫው ማሾ አበባ ስላወጣ ዘንድሮ ብዙ እንደማይደረግለትም በግልጽ ነገረችው። ሰይድ ያነሰ ምርት ይሰበስባል። ለከርሞ ግን ፓኬቶቹ በየሰዉ ቤት ሳይበተኑ፣ እዚሁ መንደር በአንድ ገንቦ እስከ መዝሪያው ሰዓት ቢቆዩ ጥሩ ነው አለች። ገንቦው ማን ቤት ይቀመጥ?

ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ ሰይድ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። "ሐዋ ቤት ይሁን" አለ። "እኔ ቤት ምድጃ አለ።"

አመሻሽ፣ የሐዋ ደጅ

ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘነብል ጫማዬን ለማጠብ ሐዋ ግቢ ተመለስን። ሐዋ እርጎ አቀረበችልን። ስለ ማሳው አንድም ቃል አላወራችም። ጆሮዋ ግን ውጭ ነበር፤ በኮቴ ድምፅ ሁሉ ቀና ትላለች።

እዚህ አገር ከመሸ እርሾ ከቤት አይወጣም። የፈለገ ፀሐይ ሳትገባ ይመጣል። ይህን የነገረችኝ ወይንሸት ናት፣ በሹክሹክታ፣ ሐዋ ለምን በተደጋጋሚ ወደ ተራራው እንደምታይ ስጠይቃት።

ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ከግቢው አጥር ላይ ብቻ ሲቀር፣ ከውጭ "እት ሐዋ፣ አለሽ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"አለሁ። ግቢ።"

ዘምዘም ነበረች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ፣ በእጇ አንድ የብረት ጣሳ። ደጃፉ ላይ ቆመች። እኛን አይታ ትንሽ አፈረች፤ ግን አልተመለሰችም።

"ምን ልስጥሽ?" አለች ሐዋ፣ ጣሳውን እያየች።

"ምን እንደሆነ ታውቂ የለ። ሳይመሽ ብዬ ነው።"

ሐዋ ጣሳውን ተቀብላ ገባች። ስትመለስ እስከ አፉ ሞልታዋለች። በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ ዘምዘምም በሁለት እጇ ተቀበለች። ልትዞር ስትል ሐዋ ጠራቻት።

"ዘምዘም!"

"እመት?"

"ይኼኛውን ምድጃ ዳር አድርጊው።"

ዘምዘም ጣሳው እንዳይፈስ በአንድ እጇ አፉን ይዛ፣ በሌላው አጥሩን ተደግፋ ሳቀች። ሐዋም ሳቀች። ሁለቱ እስኪበቃቸው ስቀው ሲያበቁ፣ የምዕራቡ ተራራ ጫፍ ላይ ገና ትንሽ ፀሐይ ነበር።

ሲመሽ፣ የመልስ መንገድ

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ወይንሸት አገዳዬን ተውሳ ቦቲዋን እየጠረገች፣ "ሌላ ቃል ብፈልግለት ይሻል ይሆን?" አለች። ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ ራሷ መለሰች። "አይ፤ እርሾ ይባል። በእርሾ ነው የተጣሉት፣ በእርሾ ነው የታረቁት። ኩፍ እንደማይል ብቻ እነግራቸዋለሁ።" ከሚሴ ላይ ተሰናበተችኝ።

ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ የመጨረሻው ሚኒባስ የእንድሪስ ሆኖ ተገኘ። ወንበሩ በሙሉ ተይዟል፤ ረዳቱ አሁንም "አንድ ሰው!" ይላል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ አደረጉልኝ። ሐርቡን አልፈን ሽቅቡን ስንጀምር ብርዱ መጣና ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

እንድሪስ በመስታወት አየኝ። "እነዚያ በእርሾ የተጣሉት እንዴት ሆኑ?"

ማሳውን፣ ምድጃውን፣ የፈረሰውን እርከንና ጣሳውን በቅደም ተከተል ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ ማርሽ ሲቀይር እንኳ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

"በስተመጨረሻ ኩፍ አለ በሉኛ!" አለ።